አያ አንለይ «ልጠየቅ» ያሉ ዕለት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ዝናብ ያዘን። ደጀ ሰላሙ ጥግ ተጠለልኩ። አጠገቤ በርኖስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ዛሬ በርኖስ የለበሰ ሰው ማርቆስ ከተማ ላይ እምብዛም አላይም፤ ሁሉም ጃኬት ለባሽ ሆኗል። ዝናብ የጠጣው የበግ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እኔ እዚያው ቆሜ ልቤ አገሬ ይጁቤ ደረሰ። የባሌ ታላቅ ወንድም አያ አንለይ እንዲህ ይሸቱ ነበር። በርኖሳቸውን ክረምትም በጋም አያወልቁትም። ነፍሳቸውን ይማርልኝ ብዬ አማተብኩ።

ቤት ስደርስ በረንዳዬ በተማሪ ተሞልቷል። የዝና የምትባለው ልጄ መምህርት ናት። የምታስተምረው ሰው ሰውን በንግግር እንዴት እንደሚያሳምን ነው። ተማሪዎቿ የክርክር ውድድር ሲደርስባቸው እሑድ እሑድ እኛ ቤት ይመጣሉ። ሁለቱ ተፋጠው ይቆማሉ፣ የቀሩት ይፈርዳሉ። ያን ዕለት የዝና «ሰው የሚያምናችሁ በሦስት ነገር ነው» ስትል ሰማኋት። «አንድ፣ ማን መሆናችሁን አይቶ። ሁለት፣ ልቡን ስትነኩት። ሦስት፣ ምክንያታችሁ ሲቆም።» አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሦስቱንም የያዘ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» የዝና ሳቀች። «አይቻለሁ። ተከራክሬውም አውቃለሁ። እማዬን ጠይቋት።» ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ነገር ማስረዘም አልችልም። «ሻይ ልጣድላችሁ» ብዬ ገባሁ። ልጆቹ ሲሄዱ የዝና ተከትላኝ መጣችና «አፍሽ እንቢ ካለሽ ጻፊው፣ እማዬ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ነው፤ መሠረተ ትምህርት በየመንደሩ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ። የምማረው የዝናን አዝዬ ነበር። እኔ ፊደሉን ስደግም እሷ ከጀርባዬ ሆና ሰሌዳውን ታያለች። ለእኔ ዳዊቴን ማንበብ በቃኝ፤ ለዚያም እግዚአብሔር ይመስገን። እሷ እኔ ካቆምኩበት ጀመረች።

መንደራችን ከይጁቤ ብዙም አይርቅም፤ በማለዳ የተነሳ ሰው ገበያ ውሎ ከብት ሳይገባ ይመለሳል። የይጁቤን ገበያ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እዞረዋለሁ። ከላይ ጌሾና ማር፣ ከታች በግና ፍየል፣ መሐሉ ላይ አቡጀዲ ሻጮች። ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ ተቀምጠው መኪናቸውን በእግራቸው ይረግጣሉ። ከእነሱ አንዱ ሬዲዮ ነበረው። ዘፈን ሲመጣ ሰው ጤፉን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆሞ ያዳምጣል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ነው ሸክሙ የሚከብደው። ደብተር በስሙኒ ይገዛ ነበር። ኮንጎ የምንለው የላስቲክ ጫማ የመጣው ያኔ ነው፤ በፀሐይ ያቃጥላል፣ በጭቃ ያንሸራትታል፣ ግን ኮንጎ ያደረገች ልጅ እንደ ከተሜ ትታይ ነበር። ለየዝና ጥቁሩን ገዛሁላት። በየቀኑ እያጠበች ለስድስተኛ ክፍል አደረሰችው። አሁን የልጅ ልጆቼ ጫማ በረንዳውን ሞልቶት ሳይ፣ ያን አንድ ጥንድ ኮንጎ አስበዋለሁ።

ባሌ የሞተው የዝና ገና ትንሽ ሳለች ነው። አያ አንለይ መሬታችንን አርሰው፣ እህላችንን ወቅተው፣ እንደ ወንድም ያዙን። ይህን ውለታቸውን ሳልናገር ሌላውን መናገር አልችልም።

በአገሩ ሁሉ የሚታወቁት ግን በአራሽነታቸው አይደለም። በክርክር ነው። የእኛ ሽማግሌዎች አሮጌውን የሙግት ሥርዓት ያኔም አልተዉትም ነበር። ሁለት ተሟጋቾች ይቆማሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል። ሌላው «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። «ልጠየቅ» ያለ ሰው የተጠየቀውን ሳይመልስ ሌላ ነገር ማንሳት አይችልም። ከተማ ያለው ፍርድ ቤት ሁሉን ነገር በጽሑፍ ካደረገው ቆይቷል፤ እኛ ዘንድ ግን የመሬት ወሰን፣ የከብት ጥፋት፣ የባልና ሚስት ነገር በዚሁ ነበር የሚታየው። አያ አንለይ ይሟገታሉ ከተባለ ሰው ሥራ ፈትቶ ይመጣል። በርኖሳቸውን በአንድ ትከሻ ጥለው፣ ከአረንጓዴ ቁምጣቸው በታች ያሉትን ቀጫጭን እግሮቻቸውን ገጥመው ይቆማሉ። መጀመሪያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉታል። ሰው ለመስማት ወደ ፊት ይሳባል። ባላጋራቸውን ያመሰግኑታል። ሰውየው ደስ ብሎት ሲላላ ጥያቄው ይመጣል። ከዚያ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ነበር የሚያስፈራው። ሐሰት የሆነ ነገር ይዘው ግን ቆመው አያውቁም፤ ለዘመዳቸውም ቢሆን። ስለዚህ አፋቸውን ገና ሳይከፍቱ ግማሹ ሰው አምኗቸዋል።

ከብት ሲገባ እኛ ቤት ጎራ ይላሉ። የዝና ትጠብቃቸዋለች። ጨዋታቸው ሙግት ነበር። እንጨት እንደ ዘንግ ይዛ ትቆምና «አያ፣ ይጠየቁ!» ትላለች።

«ልጠየቅ!»

«የቀቀልነውን እንቁላል ማን በላው?»

«እኔ አልበላሁም። ድመት ናት።»

«ድመቷ ቅርፊቱን ልጣ ነው ጥግ ያስቀመጠችው?»

«ተረታሁ!» ይሉና እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። እሷ በሳቅ ትንከባለላለች። «ጥሩዬ፣ ይህች ልጅ ወንድ ብትሆን አገር ትረታ ነበር» ይሉኛል።

የዝና ስድስተኛ ክፍልን ጨረሰች። የመንደሩ ትምህርት ቤት ከዚያ አያልፍም። ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ልጅ ማርቆስ ወርዶ፣ ቤት ተከራይቶ ነበር የሚማር። ሴት ልኮ የሚያስተምር በመንደራችን አልነበረም። የዝና አብረዋት የተማሩት ልጆች ከፊሎቹ ያን ጊዜ ባል ቤት ነበሩ።

አንድ ቀን አያ አንለይ መጡና ሳይቀመጡ «ለልጃችን ሰው መጣ» አሉኝ። የልጁ ወላጆች ቤት ደጀን ላይ መንገድ ዳር ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ጥማድ በሬ፣ ለመኪና መንገደኛ የሚሸጡበት ሱቅ። ልጁም ጨዋ ነው። «ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ።

«መማር ትፈልጋለች፣ አያ።»

«ተምራስ?»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ሁሉን ያውቃል። እኔ የማውቀው ደግሞ ይህን መሰል ቤት ሁለተኛ እንደማይመጣ ነው» አሉና ወጡ። ክፉ አልነበሩም። ከእሳቸው በኋላ ማን እንደሚያኖረን ያስጨንቃቸው ነበር። የዝና ከጓዳ ሰምታለች። አላለቀሰችም። ደብተሮቿን ከመደቡ ላይ አንስታ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። ያ ነው የቆረጠኝ። ብታለቅስ አባብላታለሁ፤ ደብተር ሲከተት ግን የማደርገው አጣሁ። ለእመቤታችን ተሳልኩ። ከዚያ ነጠላዬን አንስቼ የኔታ ሳህሉ ዘንድ ሄድኩ። የኔታ የአጥቢያችን የቅኔ መምህር ናቸው፤ የሽማግሌዎቹ ዳኛም እሳቸው ነበሩ።

«የልጄ ነገር ሽማግሌ ፊት ይታይልኝ፣ የኔታ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአያ አንለይ ጋር።»

የኔታ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንቺ? ጥሩነሽ፣ አንቺ እኮ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ለማለት እንኳ ቃል የምትቆጥቢ ሴት ነሽ። ከአንለይ ጋር ቆመሽ ምን ልትይ ነው?»

«አላውቅም፣ የኔታ።»

ትንሽ አዩኝና «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን» አሉ።

እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ከኋላ። አያ አንለይ በርኖሳቸውን አንድ ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆሙ።

«ጌቶቼ» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ ከባላጋራ ጋር አልቆምኩም። ከወንድሜ ቤት ጋር ነው የቆምኩት። ጥሩዬ ደግ ሴት ናት። ባሏን በክብር ቀብራ፣ ልጇን በክብር ያሳደገች ናት። ይህን የማይመሰክር ካለ ይነሳ።» ማንም አልተነሳም። «እንግዲህ ልጠይቅ። ማርቆስ ላይ ይህች ልጅ ማን አላት? የሰው ቤት። የማታውቀው ሰፈር። ብትታመም ውሃ የሚያቀብላት ማን ነው? ወንድሜ ሲሞት እጄን ይዞ ‹ልጄን አደራ› አለኝ። ‹ስደዳት› አላለኝም። አደራውን መንገድ ላይ ጥዬ፣ በወዲያኛው ዓለም ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?»

ዝም አሉ። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ። ከንግግራቸው ውስጥ ሐሰት የምለው አንድም ቃል አላገኘሁም።

«ጥሩነሽ፣ መልስሽን ስጪ» አሉ የኔታ።

ተነሳሁ። «እኔ መናገር አልችልም። ልጄ ስለ እኔም ስለ ራሷም ትናገር» አልኩና ተቀመጥኩ። ያን ዕለት የተናገርኩት ይኸው ነው።

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። «ሕፃን ሽማግሌ ፊት ሊቆም?» አለ አንዱ። የኔታ ግን ባለጉዳይ መናገር ካቃተው የሚናገርለትን ሰው ራሱ እንደሚመርጥ አስታወሷቸው። አያ አንለይም እጃቸውን አነሱ። «ትናገር፣ ትናገር! እኔ አልከለክልም። እንዲያውም ውሃ አቀብሏት፣ ድምፅዋ እንዳይጠፋባት።» ሰው ሳቀ።

የዝና ነጠላዋን አደግድጋ መሐል ገባች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አያ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው» አለች። ሰው ለመስማት ወደ ፊት ተሳበ። ያኔ ከማን እንደተማረችው አወቅሁ። «ሰዎቹ ባለጸጋ ናቸው፣ እውነት ነው። አባቴ አደራ ብሏል፣ እውነት ነው። አያ ይወዱኛል፣ ይህም እውነት ነው። ከእሳቸው በላይ የሚወደኝ አባት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃቸው።» ዝም አለች። ዝምታውንም አረዘመችው። ከዚያ በድንገት ቀና ብላ «አያ፣ ይጠየቁ!» አለች።

«ልጠየቅ!» አሉ አያ አንለይ።

አላሰቡበትም። ስንት ዓመት ከእሷ ጋር ሲጫወቱ የለመደ አፋቸው ነው የመለሰው። ወይራው ሥር ያለው ሰው በሳቅ አውካካ። «አንለይ፣ ዛሬስ ማንም ያልጣለህን አንተን ልጅ ጣለችህ!» አለ አንዱ። «ጥርስ ስታበቅል ነው እኮ ሙግት ያስተማራት፣ ይኸው ነከሰችው!» አለ ሌላው። አያ አንለይ ራሳቸው ፈገግ አሉ። የኔታ ጭራቸውን አንስተው ሰውን ዝም አሰኙ።

«ልጠየቅ ብለሃል፣ አንለይ። ሳትመልስ መቀመጥ የለም።»

«እመልሳለሁ። ትጠይቀኝ።»

«እኔ ልጅ ነኝ ወይስ ትልቅ ሰው?» አለች የዝና።

«ልጅ ነሽ እንጂ! ትናንት በጀርባዬ አዝዬሽ አልነበር?»

«ልጅ ከሆንኩ ለትዳር አልደረስኩም።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ለትዳርማ ደርሰሻል። እናትሽም ስትዳር አንቺን ታህል ነበር።»

«ከደረስኩ ትልቅ ሰው ነኝ። ትልቅ ሰው ሲዳር ይጠየቃል። እኔን የጠየቀኝ ማን ነው?»

አያ አንለይ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ዘንጋቸውን ከቀኝ እጅ ወደ ግራ አዛወሩ። ልጅ ናት ቢሉ ጋብቻው ይወድቃል፤ ትልቅ ናት ቢሉ ሳትጠየቅ የሰጡት ቃል ይወድቃል። እንዲህ ዓይነት አጥር እሳቸው ራሳቸው በሰው ላይ ሲያጥሩ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ከውስጡ ቆመው ሳያቸው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌ ሲዋረድ ማየት ከባድ ነው። አንገቴን ደፋሁ።

«ይመልሱልኝ፣ አያ» አለች የዝና ቀስ ብላ። በድል ድምፅ አልነበረም። ልመና ነበር የሚመስለው።

አያ አንለይ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። «ተረታሁ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። የኔታ ወደ የዝና ዞሩ። «ቤተ ክርስቲያንም ስታጋባ ሙሽራዪቱን ትጠይቃለች። እኛም እንጠይቃት። ልጄ፣ ታገቢያለሽ?»

«አላገባም፣ የኔታ። እማራለሁ።»

«እንግዲህ ሰምተናል» አሉና ሽማግሌዎቹን አይተው ተነሱ።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ምክንያቷ ቆሞ ነበር፣ አዎ። ግን ይህንኑ ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠይቃቸው አያ አንለይ መውጫ አያጡም ነበር፤ ከዚህ የጠበበውን አምልጠዋል። የእሷን ጥያቄ ማምለጥ አልፈለጉም ይመስለኛል። የዝና በረንዳው ላይ ስለ ሦስቱ ነገሮች ስታስተምር፣ ይህኛው ከየትኛው እንደሚመደብ አላውቅም።

ሰው ከተበተነ በኋላ ቤታችን መጡ። መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ጥሩዬ» አሉኝ፣ «እኔ ቃሌን በልቼ አላውቅም። አሁን በየትኛው አፌ ነው ደጀን የምሄደው?» የዝና እግራቸው ላይ ወደቀች። «አብሬዎት ልሂድ፣ አያ። ጥፋቱ የእኔ ነው እላቸዋለሁ» አለች። አነሷትና «የምን ጥፋት! አንቺ ቤትሽ ተቀመጪ» አሏት። በማግስቱ በቅሏቸውን ጭነው ብቻቸውን ሄዱ። እስኪመለሱ ድረስ እህል በአፌ አልዞረም። ሰዎቹ ነገሩን እንደ ንቀት ቆጥረውት ቢሆን፣ ቂሙ የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነበር።

ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸውን አየሁ፤ ደክሟቸዋል እንጂ አልተከፉም።

«ምን አሉዎት፣ አያ?»

«ምን ይላሉ። ተቆጡ። ‹አንለይ የሰጠውን ቃል ሴት ልጅ አስቀለበሰችው› አሉ። አላስተባበልኩም። ሲበርድላቸው ያባትየውን እጅ ያዝኩና ጥያቄዋን ጠየቅሁት።»

«የማንን?»

«የልጅሽን ነዋ! ልጅ ናት ወይስ ትልቅ ናት አልኩት። ዞረ ዞረና ልክ እኔ የቆምኩበት ላይ ቆመ።» ሳቃቸው መጣ። «ጥሩዬ ሙች፣ እንደ እኔው አፉን ከፍቶ ዘጋ። በኋላ ራሱ ሳቀ። በሰላም ተለያየን።» ጠላ ቀዳሁላቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ማርቆስ ላይ ብቻዋን ትሆናለች ያሉት ሥጋት ግን እውነተኛ ነበር። ስለዚህ ማርቆስ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አንዲት ባልቴት ዘመዳቸውን ራሳቸው ፈልገው አገኙ። ያች ባልቴት የዝናን እንደ ልጇ አድርጋ ያዘችልኝ፤ እሷንም ፈጣሪ በመንግሥቱ ያስባት። ማርቆስ ውስጥ ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስበት ሰፈር ሁሉ ያኔ ባሕር ዛፍ ነበር። መናኸሪያው ዙሪያ ያሉ ሻይ ቤቶች ቴፕ ከፍተው እስከ ውጭ ያሰማሉ፤ የዝና ያንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምታ ዘፋኙ ራሱ ቤቱ ውስጥ ያለ መስሏት ወደ በሩ አንገቷን አሰገገች። ዛሬ ያን ሳነሳባት ታፍራለች።

የሄድነው መስከረም እንደ ጠባ ነው። መስኩ በአደይ ቢጫ ሆኗል። የዝና አዲስ ኮንጎ አድርጋ ከፊት ትሄዳለች። አልጋ ልብሷ፣ ድርቆሽና በሶዋ በአያ አንለይ በቅሎ ላይ ተጭኗል። እሳቸው በቅሏቸውን እየሳቡ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ ነኝ። በዚያ መንገድ የማያውቃቸው ሰው አልነበረም። እርሻው ላይ ያለው በሬውን አቁሞ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሸክሙን አውርዶ «አያ አንለይ፣ ወዴት ነው?» ይላቸዋል። ያፍራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የረታችኝን ልጅ ትምህርት ቤት ላስገባ!» ይላሉ። ሳይጠይቅ የሚያልፈውንም ጠርተው ይነግሩታል። ከማርቆስ መግቢያ ላይ እሳቸው በሙግት ብዙ ጊዜ የረቱት አንድ ሽማግሌ አገኘን። ሰውየው ወሬውን ሰምቷል። ዓይኑ በደስታ እየሳቀ «አንለይ፣ አንተን የሚረታ ሰው ተገኘ አሉኝ። እስቲ አሳየኝ፣ እጁን ልሳመው» አላቸው።

አያ አንለይ በዘንጋቸው ወደ ፊት አመለከቱ። የዝና ከበቅሎው ቀድማ ጭቃውን እየዘለለች ትሄዳለች።

«ያቻትና» አሉት። «ከሌላ ቤት መስሎህ ነበር? የእኔው ናት።»